ከካራማራ የመጡ አሥራ አንድ ራሶች

ሰኞ፣ ግንቦት 5 ቀን 2016

የስኳር መድኃኒት አላገኘሁም። ወሬውን የሰማሁት ዛሬ ትርሲት ሱቅ ሳሙና ልገዛ ገብቼ ነው። አንዲት የማላውቃት ሴት እጄን በሁለት እጇ ያዘችና ‹መድኃኒቱን ያገኙት እርስዎ ነዎት?› አለችኝ። እንደሚወራው ከሆነ ካራማራ ላይ በሕልሜ የታየኝን ሥር ቆፍሬ አውጥቻለሁ፤ የሰው ስኳር በሦስት ቀን ያወርዳል፤ ለጎረቤት በነጻ እሰጣለሁ፣ ለሌላው እሸጣለሁ።

ሕልም አላየሁም። የምሸጠውም ነገር የለም። ቢያንስ እዚህ ደብተር ላይ በትክክል ይቀመጥ።

የተገኘው የዱር ሽንኩርት ነው። ያገኘችውም እኔ ሳልሆን ወተት የምታመጣልኝ ሣህራ ናት። የእናቷ መንደር ከካራማራ ግርጌ ነው፤ ወተቱ እንዳይፈስ የጀሪካኑን አፍ መንገድ ላይ ባገኘችው ቅጠል ትወትፈዋለች። ከፋሲካ በፊት አንድ ቀን ከውታፉ መሐል አበባ ወጥቶ አየሁ። ስድስት ነጫጭ የአበባ ቅጠሎች፣ በእያንዳንዱ መሐል ቀጭን ሐምራዊ መስመር። ሠላሳ አራት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። በዚህ አካባቢ የሚበቅለውን በሙሉ አውቃለሁ ባልልም አብዛኛውን አውቃለሁ። ይህን አላውቀውም።

ፎቶ አንስቼ ለኤልያስ ላክሁለት። ኤልያስ እዚህ ጅጅጋ ተማሪዬ ነበር፤ አሁን አዲስ አበባ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ሳምንት ቆይቶ ደወለ። ‹ቲቸር፣ ይሄ ሽንኩርት የትኛውም መጽሐፍ ላይ የለም።› ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት። ‹ቲቸር፣ አሉ?› አለ። አለሁ አልኩት።

አዲስ ዓይነት ነው ብሎ ስም ለመስጠት ሙሉ መግለጫ ያስፈልጋል። ቅጠሉ፣ አበባው፣ ከመሬት በታች ያለው ራሱ፣ ሥሩ፣ ፍሬው፣ ሽታው። እሱ እስኪመጣ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሐረር ተማሪ ሳለሁ ያስተማሩን ሴትዮ ማስመሪያ ከእጃቸው አይለይም ነበር። በራስሽ ዓይን ያላየሽውን፣ በራስሽ እጅ ያልለካሽውን፣ በራስሽ አፍንጫ ያላሸተትሽውን አትጻፊ ይሉን ነበር። ከዚያ ወዲህ የምሠራው እንዲሁ ነው።

ኤልያስ በእኔ ስም ሊሰይመው አስቧል። አያስፈልግም አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ስሙ እንዴት እንደሚሆን በወረቀት ጽፌ አየሁት። ቀደድኩት።

ለዚያች ሴት፣ ለትርሲትና ሱቁ ውስጥ ለነበሩት ሁሉ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ‹መድኃኒት አይደለም። ሽንኩርት ነው። እንደ ማንኛውም ሽንኩርት ነው።› የገባቸው ይመስለኛል። የትርሲት ባል ግርማ ከሱቁ ደጃፍ ከወንበሩ ሳይነሳ ‹ሰምታችኋል፣ ፈተና ላይ ይመጣል› ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

ጠዋት ከሣህራ ጋር ወጣን። እስከ መናኸሪያ በባጃጅ፣ ከዚያ በሚኒባስ። ኬላው ላይ ወታደሩ ቦርሳዬን ከፈተ። መኮትኮቻ፣ ማስመሪያ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ሁለት እርሳስ።

‹እማማ፣ ምን ሊቆፍሩ ነው?›

‹ሽንኩርት።›

‹ገበያ ጠፋ?›

ሣህራ በሳቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ወታደሩ ግን ሳይስቅ ከእግር መንገዱ እንዳንወጣ ነገረን። የ1970ው የሶማሊያ ጦርነት ብረት ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከመሬት ይወጣል። ይህን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም፤ እዚያ ከተዋጉት ወታደሮች የአንዳንዶቹን ልጆች አስተምሬያለሁ።

ከላይ ድንጋዩ መሐል አበባ የያዙ ሰባት አገኘሁ። እያንዳንዱን ከሥሩ አወጣሁ፣ ቦታውን ጻፍኩ። ጥቂት መቶ እርምጃ ወረድ እንዳልን ሰማዩ ጠቆረ። ሣህራ ‹መዓሊማ፣ ነይ፣ ነይ!› እያለች ቀድማ ወደ አስፋልቱ ሮጠች። ሶማሊዎቹ መምህርት ለማለት መዓሊማ ይሉኛል። እኔ ቆየሁ። እዚያ ታች ያው ዓይነት ቅጠል ያላቸው፣ አበባ የሌላቸው አራት አየሁ። አበባቸው ረግፏል ብዬ ቆፈርኳቸው። ዝናቡ ወረደ፣ ሁሉንም በአንድ ፌስታል ከተትኩ።

የአንድ ቦታ ዕቃ ከሌላ ቦታ ዕቃ ጋር አይቀላቀልም። ይህን ሕግ ለልጆች አርባ ጊዜ አስጽፌያለሁ። ዛሬ አፈረስኩት። ቤት ስገባ ግን ለየኋቸው፤ የታችኞቹ ስለሚተልቁ መለየቱ አላስቸገረም። ሰባት ከላይ፣ አራት ከታች። አሥራ አንድ።

ጉልበቴ አመመኝ። ግን ደስ ብሎኛል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ።

የላይኞቹ፦ የራሱ ልባስ ቡናማ፣ እንደ ወረቀት የሚቀረፍ። ወርዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል፤ ትልቁ ሦስት። ቅጠሉ ሦስት ወይም አራት፣ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ጸጉር። የአበባው ዘንግ ክብ፣ ውስጡ ድፍን።

የታችኞቹ፦ ልባሱ ወደ ቀይ ያደላ። ወርዱ እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር። ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ጸጉር የለውም።

ልዩነቱን የአፈሩ እርጥበት ያመጣው ነው ብዬ ጻፍኩ። አንዱን የላይኛውን ስሰነጥቅ ዓይኔ አነባ። የታችኛውን ስሰነጥቅ አላነባም፤ ውሃ ስለጠጣ ቀጥኗል። ጣቶቼን ግን አሳከከኝ፤ በሳሙና ታጠብኩ።

ኤልያስ በቴሌግራም ‹ሽታውን እንዳይረሱ፤ ዋናው መለያ እሱ ነው› ብሎ ጻፈ። እኔ ልረሳ! ሁለቱንም ጨፍልቄ አሸተትኩና የመግለጫ ካርዱ ላይ አሰፈርኩ፦ ‹ሽታ፦ የሽንኩርት፣ ጠንካራ።›

ትርሲት እየሮጠች ገባች። ‹እትዬ አስካለ! ወተቱ አርሮ ግቢው በሙሉ ሸተተ እኮ!› ድስቱ ከሰል ሆኗል። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ጭሱ ወደ ውጭ ሄዷል፤ ለዚህ ነው ያልታወቀኝ።

ከምሳ በፊት ግርማ መጣ። ዱላውን ደጃፍ ላይ አቁሞ፣ ወንበር ሳይጠይቅ ተቀመጠ።

‹መምህርት፣ አርባ ዓመት ጎረቤትሽ ሆኜ መድኃኒት ስታገኚ ከሱቅ ደንበኛ ልስማ?›

‹ሽንኩርት ነው ግርማ።›

‹እኮ፣ ሽንኩርት ከሆነ ምን ያስፈራሻል? ስጪኝ። በዓለ ኃምሳ ነው፣ ከጥብስ ጋር እበላዋለሁ።›

ያን ጊዜ ሐሳብ መጣልኝ። ወሬን በአፍ ማስተባበል አይቻልም፤ በማስረጃ ነው። ግርማ የስኳር መለኪያ አለው፣ መርፌውንም ራሱ ይወጋል። እሰጥሃለሁ፣ ግን በሥርዓት ነው አልኩት። ከመብላትህ በፊት ትለካለህ። ትበላለህ። ነገ ጠዋት ትለካለህ። ሁለቱን ቁጥር በወረቀት ጽፈህ ታመጣለህ። ካልወረደ ደጃፍህ ላይ ተቀምጠህ ለሚመጣው ሁሉ መድኃኒት አይደለም ትላለህ። ከአንተ የተሻለ አዋጅ ነጋሪ እዚህ ከተማ የለም።

‹ከወረደስ?›

‹አይወርድም።›

‹እንግዲያው ካልወረደ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ከወረደ ደግሞ አንቺ በእኔ ወንበር ተቀምጠሽ ትናገሪያለሽ።›

ተስማማሁ። አበባ ያላቸው ለመግለጫው ስለሚያስፈልጉ ከታችኞቹ ሦስት ራስ ሰጠሁት። የተሰነጠቀው ለእኔ ቀረ። ሦስቱን ኪሱ ከትቶ ‹እንደ ፈንጂ እየያዝኩ ነው የምሄደው› እያለ ወጣ። ሳቅሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

ትርሲት በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ‹ወረደ! እትዬ፣ ወረደ! መድኃኒት አይደለም ትያለሽ ደግሞ!›

ወረቀቱን ሰጠችኝ። የግርማ ጽሑፍ ነው፣ ግን ፊደሎቹ ከመስመር ወጥተዋል። የጠዋቱ ቁጥር ከትናንትናው በእጅጉ ያነሰ ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ ሙከራዬ በተቃራኒው ወጣ። ከዚያ የምጠይቀውን ጠየቅሁ።

‹ማታ ምን በላ?›

‹ምኑን በላ! መርፌውን ተወግቶ እራት ሊቀምስ ሲል ማስመለስ ጀመረው፤ እስካሁን አላቆመም። መድኃኒት ሲሠራ ያጸዳል አይደል?›

መርፌ የተወጋ ሰው ምግብ ሆዱ ውስጥ ካልቆየ ስኳሩ ይወርዳል። ይህን የአሥረኛ ክፍል ልጅም ያውቀዋል። ቁጥሩ ስለ ሽንኩርቱ የሚናገረው ነገር የለም፤ ስለ ማስመለሱ ነው የሚናገረው።

ተከትያት ሄድኩ። ግርማ ጎኑ ላይ ተኝቷል። ከንፈሩ ደርቋል።

‹አሸነፍኩሽ። ወንበሩ ያንቺ ነው› አለኝ።

‹ስንት በላህ?›

‹አንድ ምሳ ላይ፣ አንድ መክሰስ ላይ። እውነት እውነት፣ ይመራል። ይሄ ሽንኩርትሽ ክፉ ነው፣ እንዳንቺ።›

እጁን ይዤ በሰዓቴ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። አርባ ስድስት። ድጋሚ ቆጠርኩ። አርባ አምስት። ልቡ እንደ ደከመው ሰው ቆም እያለች ትመታለች። ‹ጡረታ ወጥታለች፣ ለምን ትሮጥ?› አለኝ። ትርሲት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ሽንኩርት አይመርም። ያቃጥላል እንጂ አይመርም።

ሐኪም ቤት ውሰጂው አልኳት። ‹ጾም የከረመ ሆድ ሥጋ ሲያገኝ ነው፣ ይሻለዋል› አለች። ደጋግሜ አልተናገርኩም። ለምን? እዚህ እውነቱን ልጻፍ። አጥብቄ ብናገር ‹ለምን? ሽንኩርት ነው አላልሽም?› ትለኛለች። ያን ጊዜ ተሳስቻለሁ ማለት ይኖርብኝ ነበር። እውነቱ ይኸው ነው።

ቤቴ ተመልሼ የተሰነጠቀውን ራስ አሸተትኩ። የሽንኩርት ሽታ አለው። ደግሜ አሸተትኩ። ያለው ይመስለኛል።

ዓርብ፣ ግንቦት 9

ሣህራ ወተት ይዛ ገባችና በሩ ላይ ቆመች። ‹መዓሊማ! ጋዝ! ቤቱ በሙሉ ጋዝ ነው!› ጀሪካኑን መሬት ጥላ ገባችና ሲሊንደሩን ዘጋች፣ መስኮት ከፈተች። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጽፍ ነበር። ክብሪት ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ነበር።

ምንም አልሸተተኝም።

እንድትቀመጥ ነገርኳት። ዓይኗን በነጠላዋ እንድትሸፍን አደረግሁ። በጣቴ ከላይኛው ራስ ቆርሼ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩ።

‹ባሰል› አለች ወዲያው። በእነሱ ቋንቋ ሽንኩርት ማለት ነው። ‹ኃይለኛ ባሰል።›

ከታችኛው ቆርሼ ያዝኩ። ወደ ጣቴ ይበልጥ ተጠጋች። ‹መዓሊማ፣ እጅሽ ባዶ ነው?›

‹አይደለም። አሽቺ።›

‹ምንም። ቅጠል። ውሃ ውሃ ይላል።›

ሽፋኑን ገልጣ እጄ ላይ ያለውን ስታይ ከወንበሩ ተነሳች። ‹ይሄን ከየት አመጣሽ? ይሄን እኮ እናቴ ከገንፎ ጋር ለውሳ ለአይጥ ታስቀምጠዋለች። ፍየል እንኳ አይነካውም። ወላሂ፣ ማን ነው የበላው?›

የጠየቀችኝ ከፊቴ አውቃ ነው።

በኮሮና ጊዜ ታምሜ ሽታ ጠፍቶኝ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰልኝ አልኩ። ማን ፈተነው? ማንም። የሌላውን ሁሉ ስፈትን የራሴን አልፈተንኩም። ዓይኔ ሲያነባ አሸተትኩ እላለሁ፤ ሳያነባም ስሙን ስለማውቅ አሸተትኩ እላለሁ። ሽንኩርት መሆኑን አስቀድሜ ወስኜ ነበርና አፍንጫዬ የወሰንኩትን ነገረኝ።

የተሰነጠቀውን ራስና ካርዱን ይዘን ወደ ትርሲት ሮጥን። ሱቁ ተዘግቷል። ጎረቤት እንደነገረን ግርማ ጠዋት ሽንት ቤት ደጃፍ ወድቆ ትርሲት በባጃጅ ሐኪም ቤት ወስዳዋለች፤ ተከትለን ደረስን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ፊቱ እንቅልፍ አላየም። ከመዝገቡ ላይ ‹የሆድ ሕመም፣ ሥጋና ሽንኩርት በልቷል› ብሎ አነበበልኝ።

‹ሽንኩርት አይደለም› አልኩ።

‹ባለቤቱ ናቸው ሽንኩርት ያሉት።›

‹እሷ ከእኔ ሰምታ ነው። ሽንኩርት ያልኩት እኔ ነኝ። የአይጥ መርዝ ነው። ልቡን ይዩለት።›

ትርሲት ከአልጋው ራስጌ ቀና ብላ አየችኝ። መልሳ የግርማን ብርድ ልብስ ማስተካከል ያዘች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሙ የተሰነጠቀውን ራስ አገላብጦ አየ፣ ፎቶ አነሳ፣ ካርዴን አነበበ። ‹የጻፉት ጥሩ ነው፣ ሁሉም ልኩ አለ። ግን ሽታው ጠንካራ የሽንኩርት ይላል?› እስክሪብቶውን ተቀብዬ መስመሩን ሰረዝኩት። ጎኑ ላይ ፈረምኩ። ከሐረር ወዲህ ከጻፍኩት ሁሉ የሰረዝኩት የመጀመሪያው መስመር ነው።

ከዚያ በኋላ ሰዎች በፍጥነት መራመድ ጀመሩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10

የልብ ማሽን ተደርጎለታል። ሐኪሙ አዲስ አበባ ለሚያውቃቸው ደውሎ ተማክሯል። አልዳነም፣ አልባሰም።

ሳየው ዓይኑን ገለጠ። ‹መምህርት፣ ግድግዳው ለምን ቢጫ ሆነ?›

ግድግዳው ነጭ ነው።

‹ያንቺም ፊት ቢጫ ነው። የታመምሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው› አለና አንቀላፋ። ለሐኪሙ ነገርኩት። መዝገቡ ላይ ጻፈው፣ ፊቱ ግን ጨለመ። መርዙ ዓይን ላይም እንደሚደርስ ነገረኝ።

ለኤልያስ ደወልኩ። የተሰነጠቀውን ፎቶ ልኬለት ስለነበር አውቆታል። ሽንኩርት የሚመስል፣ ልብ የሚያዘገይ፣ ከሽታው በቀር ሳያብብ ለመለየት የሚያስቸግር የታወቀ ተክል ነው አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ‹ቲቸር፣ የላይኞቹ ሰባቱ ግን አሁንም አዲስ ናቸው። አይቀየርም› አለኝ።

‹ስሜን አውጣ።›

‹ቲቸር...›

‹ኤልያስ፣ አትከራከረኝ። ስለ ሽታው ያልኩትን ሁሉ አውጣ። ስሜንም አውጣ። በእኔ ስም የሚጠራ ነገር ሰው አይመን።›

እሺ አለ። እንደ ልጅነቱ፣ ሳይስማማ እሺ አለ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። የላይኞቹ ሰባት፦ ስድስቱ በጋዜጣ መሐል፣ አንዱ ተሰንጥቆ ጠረጴዛ ላይ። ሰባት ሙሉ። የታችኞቹ አራት፦ አንዱ ሐኪሙ ጋ። ሁለቱን ግርማ በልቷል። ሦስት።

አንዱስ?

ኮሪደሩ ላይ ትርሲት አጠገብ ተቀመጥኩ። ‹የቀረው አንድ ራስ የት ነው?› አልኳት። ወደ ግድግዳው እያየች መለሰች።

‹ሰጠሁት።›

‹ለማን?›

‹ለዚያች ሴት። ሰኞ ሱቅ ውስጥ እጅሽን ለያዘችው። ሐሙስ ጠዋት ወረደ ብዬ እልል ስል መጣች። እናቷ ስኳር አለባቸው። አልቅሳ ለመነችኝ። እትዬ ራሷ ሽንኩርት ነው ብላለች፣ ባይጠቅምም አይጎዳም አልኳት።›

ያ የእኔ ቃል ነው። ሰኞ፣ ጮክ ብዬ።

ሴትዮዋ ከድራ ትባላለች። ጨርቅ ልትገዛ ከድሬዳዋ ወዲያ፣ ከአዲጋላ መጥታ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ተመልሳለች። ትርሲት ስልኳን አታውቅም።

እሑድ፣ ግንቦት 11

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ሣህራ በጠዋት መጣች፣ ወተት ሳትይዝ። የእኔን መጻፊያ ወንበር ሳበችና ስልኳን አወጣች።

እንዴት እንደሚሠራ አይቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ለአጎቷ ደወለች። አጎቷ ድሬዳዋ ላለ አማቹ ደወለ። አማቹ የጭነት መኪና ለሚነዳ ዘመዱ። በየመሐሉ ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ ይሞላል፤ ግመሉ፣ ዝናቡ፣ ልጆቹ፣ የማን ልጅ እንደሆነች፣ አያቷ ማን እንደሆነ። ቶሎ በይ እላታለሁ። ‹መዓሊማ፣ እንዲህ ካልተጠየቀ አይመለስም፤ አንቺ ያንቺን ትምህርት፣ እኔ የእኔን› አለችኝ።

ስምንተኛው ጥሪ ላይ አገኘች። አዲጋላ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ኪዮስክ ያለው ሰው ነው። የከድራን እናት ያውቃቸዋል። ከድራ ራሷ ስልኳ ተዘግቷል፤ ካርድ ስታጣ ለሳምንትም ትዘጋዋለች አለ። ቤታቸው ከኪዮስኩ ሩቅ ነው፣ ከሐዲዱ ወዲያ።

ሣህራ ከድራ ስለወሰደችው ራስ ነገረችው። እንዳይበሉት፣ እንዳይነኩት፣ ሽንኩርት አይደለም፣ የአይጥ ነው። ሰውየው አዳመጠ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረና የሣህራ እጅ ጉልበቷ ላይ ቆመ።

‹ምን አለ?›

‹ከሐዲዱ ወዲያ ከትናንት ጀምሮ ለቅሶ አለ ነው የሚለው።›

‹የማን?›

‹ጠየቅሁት። ሳይነግረኝ ተቋረጠ።›

ደግመን ደወልን። አይመልስም። እስከ ስምንት ሰዓት ደወልን። ኔትወርኩ እዚያ ጠፍቷል፣ ወይም ስልኩ ባትሪ ጨርሷል። ሣህራ ‹አዲጋላ ትልቅ ነው፣ ሰው በራሱ ጊዜም ይሞታል› አለችኝ። እሷም ያመነችው አይመስለኝም።

ከሰዓት ሐኪም ቤት ሄድኩ። የግርማ ልብ ሃምሳ ስምንት ነው። ሐኪሙ ዛሬ መጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ፣ ሻይም ጠጣ። ነገ ማታ ካለፈ ይወጣል አለ። ግድግዳው አሁንም ቢጫ ነው ይላል ግርማ፤ ግን ‹ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ እንደ ሱቃችን› ብሎ ገልጾልኛል። የመግለጫ ሥራዬን ሳትወስድብኝ አትቀርም አልኩት። ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው።

ትርሲት ስወጣ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ‹ያቺን ሴት አግኚልኝ፣ እትዬ› አለች።

ነገ መጀመሪያ፦

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኪዮስኩ ሲከፈት መደወል። ሰላምታውን ሣህራ ትጨርስ፤ አላቋርጣትም። ከዚያ የማን ለቅሶ እንደሆነ መጠየቅ።

ስልኩ ካልተነሳ፣ የአንድ ሰዓቱ የድሬዳዋ ሚኒባስ፤ ከዚያ የተገኘው መኪና እስከ አዲጋላ። ልብስ በቦርሳ አዘጋጅቻለሁ። የሁለቱንም ሥዕል ጎን ለጎን አድርጌያለሁ፣ ላገኘሁት ሁሉ እንዲታይ።

ከመውጣቴ በፊት ትርሲት ሱቅ በር ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ፦ ‹ሽንኩርት ነው ያልኩት ስህተት ነው። ከካራማራ የተቆፈረ ማንም እንዳይበላ።› ከሥሩ ሙሉ ስሜ። ሶማሊኛውን ሣህራ ትነግረኛለች።

የጋዙን ሲሊንደር እሷ ታየዋለች።

ካርዱን በአዲስ ወረቀት መገልበጥ፤ ሽታ ከሚለው ቃል ፊት ያለውን ባዶ መተው። ሣህራ ሰባቱንም አንድ በአንድ ታሸታለች። እኔ የምትለኝን እጽፋለሁ፤ ያሸተተችው ማን እንደሆነችም እጽፋለሁ።